የተበጠሰው ገመድ

የቤት ዕቃ የሚያመላልስ ሰው መንገድ ላይ የተሰበረውን መክፈል አለበት? ወይስ «አላህ ያመጣው ነው» ብሎ ያልፋል?

የነቀምት መንገድ በሚገነጠልባት ቡሬ አንድ አባት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር በአይሱዙ ዕቃ ያመላልሳሉ። ከፍኖተ ሰላም የተዛወረ መምህር ዕቃ ሲያወርዱ አጠገባቸው ነበርኩ። ገመድ ተበጥሶ የቁምሳጥኑ መስተዋት ተሰንጥቋል። ባለቤቱ አላየም። ታናሹ ልጅ «አባባ፣ የሰበረው መንገዱ ነው» ሲል አንሾካሾከ። አባትየው «መንገዱን እኛ አልሠራነውም፤ ገመዱን ግን ያሰርነው እኛ ነን» ብለው ባለቤቱን ጠሩና ከኪራዩ ቀነሱለት።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ራሳቸው የሐር ነጋዴ የነበሩት ኢማም አቡ ሐኒፋ፣ በአመላላሽ እጅ ያለ ዕቃ አማና ስለሆነ ያለ እርሱ ሥራ ቢጠፋ አይጠየቅበትም ብለዋል። ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ግን እንደ ከባድ ቃጠሎ ሊከላከለው የማይችለው አደጋ ካልሆነ ይከፍላል አሉ። ጭነት የታሰረበት ገመድ ሲበጠስ ግን ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ጥፋቱ የአሳሪው ሥራ ነውና ይከፍላል።

በቀደር ማመን ኢማን ነው። የራስን ቸልተኝነት በቀደር መሸፈን ግን የሰው ሐቅ መብላት ነው። ደንበኛውም ቢሆን መስተዋቱን በፍራሽ ጠቅልሎ ሳይናገር ካስጫነ ካሣ ለመጠየቅ አፉን አይሙላ።

በቤተሰብ ሥራ ላይ ተቆጣጣሪ የለም። ያ ልጅ በዚያች ቀን ከአባቱ የወረሰው መኪናውን ብቻ አይደለም። አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን።