«ቻዪው»

አማርኛ «መቻል» በሚለው አንድ ግስ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይዟል። አንደኛው ኃይል ነው፤ ሥራን ለመሥራት፣ መንገድን ለመሄድ መቻል። ሁለተኛው ትዕግሥት ነው፤ ሕመምን፣ ችግርን፣ የሰው ፊትን መቻል። «ቻይ» ተብሎ የሚመሰገን ሰው የሚመሰገነው በሁለተኛው ነው፤ ምስጋናውም ከወንድ ይልቅ ለሴት ይበዛል። ይህ ቃል ወሊድ መቆጣጠሪያ ከሚሰጥበት ክፍል ዘንድም ደርሷል፦ «ለጊዜው ነው እህቴ፣ ቻዪው»።

የሁለት ልጆች እናት የሆነች አንዲት ሴት የሦስት ወር መርፌ ተወጋች እንበል። ምርጫዋ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት፣ ካገቡ ሴቶች ዘመናዊ ዘዴ የሚጠቀሙት ከመቶ 35 ሲሆኑ፣ 23ቱ የመርፌ ተጠቃሚዎች ነበሩ። መርፌው ከሰው ዓይን የተሰወረ ነው፤ በየዕለቱ ማስታወስንም አይጠይቅም። ይሁን እንጂ አንዴ ከገባ አይወጣም። ክኒን ያልተስማማት ሴት መዋጧን ታቆማለች፤ በክንድ የተቀበረውንም ባለሙያ ያወጣዋል፤ መርፌው ግን ጊዜውን እስኪጨርስ ይጠበቃል። ካቆመችው በኋላ እንኳ ለመፀነስ ወራት ሊወስድባት ይችላል።

ይህች ሴት ደሟ ተዛብቶ ለሳምንታት ቢንጠባጠብባት፣ ሐኪሙ ሕይወቷን የሚያሰጋ አለመሆኑን ይነግራታል፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነቱን ነው። ነገር ግን የኦርቶዶክስ ተከታይ ከሆነች ደም እያያት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ከቅጽሩ ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች። ሙስሊም ከሆነች በወር አበባዋ ጊዜ አትሰግድም፤ ቀኑ ሲዛባባት ደግሞ የወር አበባው የትኛው፣ የመድኃኒቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ራሱ ጭንቀት ይሆንባታል። ውኃ ከሩቅ ለምትቀዳ ሴት የልብስ አጠባው ብቻ ሌላ ሸክም ነው። እነዚህ ነገሮች በሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ከጎንዮሽ ጉዳት ተራ አይጻፉም። አደጋን ሐኪም ይመዝናል፤ ሸክምን ግን የተሸከመችው ካልሆነች ማን ይመዝነዋል?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ያልደበቀችውስ? ክኒኑ ራሱ በተወለደበት ዘመን ይህ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 በፖርቶ ሪኮ በተጀመረው ሙከራ፣ ሥራውን የመሩት ሐኪም ኤድሪስ ራይስ ሬይ ክኒኑ እርግዝናን በሚገባ እንደሚከላከል፣ ነገር ግን ከመቶ 17 የሚሆኑትን ሴቶች በማቅለሽለሽ፣ በማዞርና በራስ ምታት እንዳስቸገረ ጻፉ። የምርምሩ ባለቤት ግሪጎሪ ፒንከስ ግን አብዛኛው ቅሬታ ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከሴቶቹ አእምሮ የመነጨ ነው ብለው ገመቱ። ከዚያ ወዲህ በክኒን ውስጥ የሚገባው የሆርሞን መጠን ከያኔው እጅግ ተቀንሷል። ስሞታ ተብሎ የታለፈው ነገር ለካ መረጃ ነበር።

ከዚህ ጋር ሌላ ታሪክ ይነጻጸራል። 320 ወንዶች የተካፈሉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የወንዶች የመርፌ ሙከራ፣ በስሜት መለዋወጥና በሌሎች የጎንዮሽ ጉዳቶች ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2011 ከጊዜው በፊት ተቋርጧል። ለዚህ የሚቀርበው መከራከሪያ ተራ አይደለም፤ ሴት መድኃኒቱን የምትመዝነው ሊገድላት ከሚችል እርግዝናና ወሊድ ጋር ነው፤ ወንድ ግን በገዛ አካሉ የሚያስቀረው አደጋ የለም። ሚዛኑ ትክክል ነው። ነገር ግን ልጁ የሁለቱም ሆኖ ሳለ አደጋውም ሸክሙም በአንዲት አካል ላይ ሲያርፍ፣ አካሉ ያልተነካው ባል ቢያንስ ምን ዕዳ አለበት? ኮንዶም ሆርሞን የለውም። ልጅ መውለድ ለጨረሱ ባልና ሚስት የወንድ ቧንቧ መቋጠር ከሴቷ ቀዶ ሕክምና የቀለለ ነው። ሁለቱም መንገዶች ሳይነሡ «ቻዪው» ማለት ምክር ሳይሆን ሸክምን ማሳለፍ ነው።

በሌላ በኩል፣ «ቻዪው» የምትለዋ ነርስ ክፉ አይደለችም። የደሙ መዛባት በብዙዎች ዘንድ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደሚረጋጋ ታውቃለች፤ መድኃኒቱን በድንጋጤ ትታ ሳታስበው የፀነሰች ሴትም ገጥማት ይሆናል። ስለዚህ ጥፋቱ ከትዕግሥቱ አይደለም። ሰው ለሚወደው ነገር ብዙ ይታገሣል። ትዕግሥት ግን ምግባር የሚሆነው ታጋሹ ለምን እንደሚታገሥ፣ እስከ መቼ እንደሚታገሥ ሲያውቅና ሲበቃው ማቆም ሲችል ነው። መርፌው ከመወጋቱ በፊት «ደምሽ ሊዛባ ይችላል፤ ካልተስማማሽ ሌላ አለ» የተባለችና ከተወጋች በኋላ «ቻዪው» የተባለች ሴት የሚሰማቸው ሕመም አንድ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዋ ግን መርጣዋለች፤ ሁለተኛዋ ተጭኖባታል።

የሚስማማውን ዘዴ ለማግኘት አንዳንዷ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ መቀየር ይኖርባታል። ይህ እንደ ወረተኛነት ሊቆጠርባት አይገባም፤ ጫማ እንኳ እግር ተለክቶ ነው የሚገዛ። ለተመለሰች ሴት መጀመሪያ የሚገባት ቃል «ቻዪው» ሳይሆን «እንዴት ሆነልሽ?» ነው። ከዚያ በኋላ ልትቆይበት ብትወስን ቻይነቷ የራሷ ነው። መተው ያልቻለች ሴት ግን ቻይ አትባልም፤ ጨነቃት እንጂ።