ለጣፊው ማን ይጥፍለት?

የአያቴ ጋቢ በዕድሜ ከእኔ በ2 ዓመት ይበልጣል። ይህን የማውቀው የሆነ ቦታ ተጽፎ አግኝቼው አይደለም፤ እምዬ ዓመት የምትቆጥረው በልብስ ስለሆነ ነው። "እናትህን ስድር የፈተልሁት" ካለች 30 ዓመት ነው። "እህትህን ያዘልሁበት" ካለች 22።

እምዬ የምትኖረው ማንኩሳ ነው። ብዙ አንባቢ ማንኩሳን የሚያውቃት በመጽሐፍ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት "ፍቅር እስከ መቃብር" የሚጀምረው እዚያ ነውና። ለእኔ ግን ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ መንገዱ ግራና ቀኝ በቆሎ የሆነባት፣ ከክረምት በኋላ በየደጁ በርበሬ የሚሰጣባት የእናቴ አገር ናት።

ባለፈው መስከረም ከአዲስ አበባ ስሄድ ከሽሮ ሜዳ በ4,000 ብር አዲስ ጋቢ ገዝቼ ሄድሁ። እምዬ ተቀበለችኝ፣ መረቀችኝ፣ ጋቢውን በጣቶቿ እያሸች ዳር ዳሩን አየች። ከዚያ አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችውና አሮጌውን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

"ይህን ደሞ ወስደህ ለሸማኔው አሳይልኝ።"

"እምዬ፣ አዲስ አመጣሁልሽ አይደል እንዴ?"

"አዲሱማ አዲስ ነው። ይኸኛው ግን ታሟል።"

ሳቅሁ። ግን ነገሩ ከሳቁ በኋላም አልለቀቀኝም። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ሰው የማይነግራችሁን ልንገራችሁ፦ የእኛ ሥራ አብዛኛው አዲስ ነገር መፍጠር አይደለም፤ ሌላ ሰው ከዓመታት በፊት ጽፎት የሄደውን ኮድ መጠገን ነው። የጥገናውም ስም "ፓች" ነው፤ እራፊ ማለት ነው። በሥራዬ እራፊ ጣፊ ነኝ። በኑሮዬ ግን አንድ ቁልፍ ሲበጠስ ሸሚዙን የምጥል ሰው ነኝ። ለኮምፒውተር የማደርገውን ለልብስ የማላደርገው ለምንድን ነው? መጠገን ነው ትክክሉ ወይስ አዲስ መግዛት? ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ጋቢ እንዴት እንደሚሠራ እናስታውስ። ጥጡ ከቆላ ይመጣል። ፍሬው በመዳመጫ ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል። ከዚያ እንዝርት። እምዬ ይህን ጋቢ የፈተለችው አንድ ክረምት ሙሉ ነው፤ ቡና ሲፈላ፣ ልጅ ሲተኛ፣ ዝናብ ከቤት አላስወጣ ሲል። ልቃቂቱ ሲበቃ ወደ ሸማኔው ተወሰደ። እሱ ድሩን ዘርግቶ፣ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ፣ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ እየላከ በጥቂት ቀን ጨረሰው። ብዙ ጊዜ የምናየው የሸማኔውን ድካም ነው፤ ከጀርባው ያለው የሴቷ የወራት ፈትል አይታይም። በመጨረሻ ሸማው አራት ድርብ ሆኖ ተሰፋ፣ ጋቢ ሆነ።

እንዲህ የተሠራ ነገር አይጣልም። አትጣሉ የሚል ሕግ ስላለ ሳይሆን፣ ያንን ክረምት መጣል ስለሚሆን ነው። ጋቢ ሲያረጅ ተቆርጦ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል። መጠቅለያው ሲያልቅ የምጣድ ማሰሻ። ከማሰሻው የተረፈው የኩራዝ ክር። እኔ ልጅ ሆኜ ያጠናሁት በማን ቀሚስ ብርሃን እንደነበር ማን ያውቃል? ዛሬ "ዘላቂነት" ብለን በፓወርፖይንት የምናስረዳውን እምዬ ስም ሳታወጣለት ኖረችበት።

ከዚያ ጨርቅ ረከሰ። በ1953 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። የፋብሪካ ጨርቅ በየገበያው ደረሰ፣ ብዙ ሰው ከብርድ ዳነ፤ ይህ መካድ የለበትም። ቀጥሎ ከሩቅ ምሥራቅ የሚመጣው ናይለን፣ በቦንዳ ታስሮ በኮንትሮባንድ የሚገባው ሰልባጅ መጣ። አሁን የቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ ቲሸርት ከማስጠገን መግዛት የሚረክስበት ጊዜ አለ።

ርካሽነቱ ግን ዋጋው ጠፍቶ አይደለም፤ ሌላ ሰው ላይ ተላልፎ ነው። አንድ የጥጥ ቲሸርት ለመሥራት 2,700 ሊትር ያህል ውሃ ይፈጃል የሚለው ግምት በየቦታው ይጠቀሳል። ጋናውያን ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጣውን ያገለገለ ልብስ "ኦብሮኒ ዋዉ" ይሉታል፤ የሞተ ነጭ ልብስ ማለት ነው። ባለቤቱ በሕይወት እያለ ይህን ያህል ልብስ ይጥላል ብሎ ማመን ስለሚከብድ ሞቶ መሆን አለበት ከሚል ነው አሉ። አክራ ያለው የካንታማንቶ ገበያ በዚህ ልብስ ይኖራል፤ የማይሸጠው ደግሞ ቆሻሻ ሆኖ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ይከመራል። ቺሊ ውስጥ የአታካማ በረሃ ላይ የልብስ ተራራ ቆሟል።

እዚህ ጋ ስደርስ መልሱ የተገኘ መሰለኝ። እንግዲያው እንጠግን! ወደ እንዝርትና መርፌ እንመለስ! ይህንኑ ለአክስቴ ልጅ አስረዳኋት። 19 ዓመቷ ነው፤ ከቦንዳ የመረጠችውን ቀሚስ እያሳየችኝ ነበር። አዳምጣኝ ስታበቃ እንዲህ አለች፦

"ወንድምዬ፣ አንተ አዲስ አበባ አምስት ጫማ ደርድረህ እኔን የተጣፈ ልበሺ ትለኛለህ?"

ዝም አልሁ። ምክንያቱም እኔ ራሴ የተጣፈ ለብሼ አውቃለሁ።

ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ የነበረኝ ሱሪ አንድ ነበር። ጉልበቱ ሲቀደድ እናቴ ከአባቴ አሮጌ ኮት ቆርጣ ጣፈችው። ቀለሙ ትንሽ ይለያል። ክፍል ውስጥ አንዱ "ካርታ" አለኝ፤ ስሙ ተጣበቀብኝ። ሁለት ሳምንት እንደቻልሁ ቻልሁና አንድ ማታ በምላጭ ጥፉን ቆርጬ ጣልሁት። ለእናቴ "አጥር ያዘኝ" አልኋት። ምንም አላለችም። በማግሥቱ ተሰፍቶ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ካርታ የሚለኝ ጠፋ፤ ልጆቹ ሰልችቷቸው መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ልክ ናት። ምርጫ የሌለው ሰው መጣፉ ጨዋነት አይባልም፤ ችግር ነው። ድሪቶ ለብሶ የኖረ ሕዝብ ልጅ ነኝ፤ ድሪቶን እንደ ፍልስፍና ላቀርብለት አልችልም። አምስት ጫማ ያለው ሰው አንዱን ሲያስጠግን ምድርን አከበረ ይባላል። አንድ ያለው ሲያስጠግን ድሃ ይባላል። ሥራው አንድ ነው፣ መርፌው አንድ ነው። የሚለያየው የሚያየው ዓይን ነው። እንግዲህ "እንጠግን" የሚል ሰው መጀመሪያ መናገር ያለበት ለራሱና ለመሰሎቹ ነው። ብዙ ለሚገዛው፤ ለእኔ።

ግን ይህም መልስ ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ ያገኘሁት ሸማኔው ቤት ነው።

ጋቢውን ዘረጋው። ዳሩን ፈትቶ ድርቦቹን ለያያቸው። ላይ ሆነው የሳሱትን ወደ ውስጥ፣ ውስጥ ሆነው የዳኑትን ወደ ውጭ እንደሚያዞር ነገረኝ። ቀዳዳዎቹን እምዬ አስቀርታ በሰጠችኝ ልቃቂት፣ በመርፌ፣ ድርና ማግ እያሠራ ይጠቅማቸዋል። "ስንት ልስጥዎት?" ስለው "200 ብር" አለኝ። ሁለት ቀን ለሚፈጅ ሥራ! አዲሱን በገዛሁበት ብር ሃያ ጋቢ ይጠገን ነበር። ውስጤ ደስ አለው፤ ይኸው ርካሽ፣ ይኸው ዘላቂ። ስለ ሙያው ትልቅነት ላወራው አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

"ልጄ፣ የተማርህ ነህ አሉ፤ በኮምፒውተር ነው የምትሠራው። ለልጅ ልጄ እዚያ ሥራ አታገኝለትም?"

"ሽመናውን አይማርም?"

"ምን ሊያደርግለት? እኔ የበላሁትን ስድብ እንዲበላ?"

ስድቡን አውቀዋለሁ። "ቁጢት በጣሽ" ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አገሩ ሁሉ ይህ ሰው የሠራውን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ ሙሽራ ይድራል፣ ሬሳ ይገንዛል። ለልጁ ግን ልጁን አይድርም። በደቦ የምናርስ፣ በእድር የምንቀብር፣ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የምንል እኛ ነን እንዲህ የምናደርገው። አለባሹን አራቁተን ነው የምንለብሰው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሳደብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው በሥራው አይሰደብ ብለው ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። እኔ ስድቡን ከልጆች አፍ የሰማሁት ግን በዚህ ዘመን ነው። አዋጅ አፍ ሊዘጋ ይችላል፤ የጋብቻ በር አይከፍትም፣ የ200 ብሩን ሥራ 600 አያደርገውም።

በእኛው ክልል ግን ሌላ ዓይነት ሙከራም አለ። ደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ፣ ከወረታ ወጣ ብሎ የአውራምባ ማኅበረሰብ ይኖራል። ዙምራ ኑሩ ከጓደኞቻቸው ጋር የመሠረቱት በ1964 ዓ.ም. ነው። በቂ መሬት ስላልነበራቸው ኑሯቸውን የመሠረቱት በሽመና ላይ ነው። እዚያ ሴት ትሸምናለች፣ ወንድ ይፈትላል፤ "ይህ የሴት፣ ይህ የወንድ" የሚባል ሥራ የለም። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት አላቸው፤ ለአቅመ ደካሞች ተባብረው ይሠራሉ። ሁሉ ነገራቸው ይስማማኛል ማለቴ አይደለም፤ ብዙ የሚጠየቅ ነገር ይኖራል። ነገር ግን አንድ ነገር አሳይተዋል፦ ሽመና ወራዳ የሚሆነው በተፈጥሮው አይደለም። ሁሉም ሰው ሲሠራው መሳደቢያ መሆኑ ያበቃል። ተሳዳቢው ራሱ ሸማኔ ነዋ!

ከዚህ ተነስቼ አሁን የማስበው እንዲህ ነው። ልብስ መጠገን በራሱ መልካም ሥራ አይደለም። መልካም የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ለባሹ እንዳያፍር መሆኑ። ሁለተኛው፣ ጠጋኙ እንዳይናቅና እንዳይራብ መሆኑ። እነዚህ ሁለቱ ከጎደሉ ቀዳዳው ከጨርቁ ወደ ሰው ይዛወራል እንጂ አይደፈንም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። ግን ማግ የሌለው ድር ምን ያስራል? የተሰደበው ሸማኔ፣ ያልታየችው ፈታይ፣ የተሳቀበት ልጅ ማጋችን ናቸው።

አንዳንድ ሰው "ታዲያ ገበያው ይወስን፤ ሙያው ካላዋጣ ይሙት" ይላል። ይህን የሚለው ሰው በእኔም መሥሪያ ቤት አለ። መልሴ አጭር ነው። የቦንዳው ልብስ የረከሰው የውሃውን፣ የሰፊዋን፣ የአክራን የባሕር ዳርቻ ሒሳብ ሌላ ሰው ስለከፈለለት ነው። የሸማኔው ጥገናም የረከሰው ስድቡን እሱ ስለከፈለ ነው። ሁለቱም ዋጋ እውነተኛ አይደለም፤ ገበያው በሐሰት ሒሳብ እንዲፈርድ አልፈልግም።

ጋቢውን ስወስድ 600 ብር ሰጠሁት። ጽድቅ አይደለም፤ የሁለት ቀን ሥራ ነው። 400ውን ሊመልስልኝ ታገለ፤ "ዋጋው ነው" አልሁት። ለልጅ ልጁ ደግሞ አሮጌ ላፕቶፔን ልልክለት ቃል ገባሁ። ያ ልጅ ኮድ ጽፎ ማታ ማታ ቢሸምን ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ምኞቴን ልጭንበት አልችልም። የመተው መብት የሌለው ሙያ እስር ቤት ነው።

እምዬ ጋቢውን ገልብጣ አየችው። "እጁ አልደከመም" አለች። ከዚያ ድፎ ዳቦ ቆርሳ "አድርስለት" አለችኝ። "ለምን ራስሽ ጠርተሽ አታበይውም?" አልኋት። ዝም አለች። አያቴን እወዳታለሁ፤ ዝምታዋን ግን መዝግቤዋለሁ። በጥምቀት ስመለስ እንደገና እጠይቃታለሁ።

አዲስ አበባ ገብቼ መርፌና ክር ገዛሁ። የጃኬቴን ክርን ጣፍሁት፤ ስፌቱ ሰካራም የሄደበት መንገድ ይመስላል። ያንኑ ለብሼ ሥራ ገባሁ። ማታ ለእናቴ ደውዬ ስለ መርፌው ነገርኋት፣ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ከ14 ዓመት በኋላ እውነቱን ተናገርሁ፦ "እማ፣ ያኔ ሱሪውን አጥር አልያዘኝም ነበር።"

"አውቃለሁ" አለች። "ምላጭ የቆረጠውና አጥር የቀደደው አንድ ይመስልሃል?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ምን ልበልህ? ሁለተኛ ስሰፋው እራፊውን በውስጥ በኩል አደረግሁት። ቀለም እንዲመሳሰል ከራሱ ከሱሪው እጥፋት ክር መዝዤ። አላየኸውም?"

አላየሁትም ነበር።