«ድሮም ታማሚ ነበር»

ከደባርቅ ወጣ ሲሉ መንገዱ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ይገባል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ጠርቦ ያወጣው ጥምዝምዝ ነው፤ ፍሬን እንቢ ላለው የጭነት መኪና ማምለጫ የለውም። አንዱ እንዲህ ያለ መኪና የመንገድ ዳር ገበሬ ገጭቶ እግሩን ሰበረው እንበል። አጥንቱ ገጠመ። ሰውየው ግን እንቅልፍ አጣ፤ የሞተር ድምፅ ያስበረግገዋል፣ ገበያ መውጣት ተወ፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠ። ካሳ ሲጠይቅ የተከሳሽ መልስ አጭር ነው፦ ድሮም ታማሚ ነበር።

ሊሆንም ይችላል። በነሐሴ 2013 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት በዳባት ወረዳ፣ ጭና ላይ ሰላማዊ ሰዎችን ፈጅቷል፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የራቀው ሰው በአካባቢው ብርቅ አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ከሐኪም በፊት ጠበል ይሄዳል። ቤተሰቡ «መንፈስ ነው» ብሎ ለጎረቤት ያዋየው ጭንቀት ችሎት ፊት የተከሳሽ ማስረጃ ይሆናል፤ ተሽሎት ያረሰበትን ዓመት ግን የመዘገበለት የለም። ከማንም በላይ የሚያውቁት የንስሐ አባቱ ደግሞ ምስጢር አያወጡም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2091 ካሳው ድርጊቱ ካደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። ጉዳቱ ባልታሰበ ምክንያት ከሚጠበቀው በላይ ከሰፋ ዳኛው በርትዕ ሊቀንስ ይችላል። ዋናው ወጥመድ ግን ሌላ ነው። የሰውየው ሥቃይ የኅሊና ጉዳት ብቻ ከተባለ፣ በአንቀጽ 2116 ጣሪያው 1,000 ብር ነው፤ ዛሬ በግ እንኳ አይገዛም። ያጣው የእርሻ ገቢ ከተቆጠረ ግን ያ ጣሪያ አይነካውም።

እ.ኤ.አ. በ1995 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ተመሳሳይ ጉዳይ ገጥሞት ነበር። ቀድሞ ከባድ የድካም ሕመም የነበረበት መምህር በመኪና ግጭት አንዲት ጭረት ሳይደርስበት ሕመሙ አገረሸበት። ዳኞቹ 3 ለ2 ተከፍለው አሽከርካሪው ኃላፊ ነው አሉ፤ የተጎጂው ስስነት ማምለጫ አልሆነለትም። ትክክል ነው። ፈጣሪ ሰውን ሁሉ በአንድ ጥንካሬ አልሠራም፤ መንገዱም የጤነኞች ብቻ አይደለም።

ይህ ማለት ግን የጭናን ሐዘን ባለመኪናው ይክፈል ማለት አይደለም። የሚከፈለው በፊትና በኋላ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የሐኪሞች ቦርድ የዛሬውን ሁኔታ ይጽፋል፤ የትናንቱን የሚያውቁት የወንፈል ባልደረቦቹና የዕድሩ ሰዎች ናቸው። ዳኛው የበሽታውን ስም ከመጠየቁ በፊት እነሱን ይጠይቅ፦ ከግጭቱ በፊት በነበረው ክረምት ስንት ጥማድ አረሰ? እህሉን ደባርቅ ገበያ ማን አወረደ? ሕመሙ ያለ ግጭቱም በዚያው ጊዜ ያገረሽ ነበር የሚል ተከሳሽ ካለ ደግሞ፣ ያንን የማስረዳቱ ሸክም የራሱ ሊሆን ይገባል።