ዝናሙ መጣ፤ ዘሩስ ወዴት ነው?

ምእመናን ሆይ፤ ለብዙ ወራት ደርቃ የተሰነጠቀች ምድር የመጀመሪያውን ዝናም ስትቀበል የሚወጣውን መዓዛ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው ድርቅን ያየ ገበሬ ነው። በዚያች ሰዓት ሴቶች እልል ይላሉ፤ ሽማግሎች ራሳቸውን ገልጠው ከደጅ ይቆማሉ፤ ሕፃናትም ከልካይ ሳይኖርባቸው ይበሰብሳሉ። ይህ ደስታ ራሱ ምስጋና ነውና አይነቀፍም። ቤተ ክርስቲያናችንም በመስተብቍዕ ስለ ዝናም የምትለምነው፥ ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለውንም ወራት ዘመነ ክረምት ብላ ለይታ በቅዱስ ያሬድ ዜማ ስለ ዘር፥ ስለ ደመና፥ ስለ ቁራ ጫጩቶች እንኳ ሳይቀር የምትዘምረው የገበሬው ጭንቀት የእርስዋም ጭንቀት ስለ ሆነ ነው።

ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ራስ ተደፍቶ ሲጸልይ ሎሌው ወደ ባሕር ለመመልከት ሰባት ጊዜ ተመላልሷል። በሰባተኛው የታየችው ደመና የሰው መዳፍ ያህል ነበረች። ብዙዎች ሰባክያን ታሪኩን እስከዚህ ተርከው ያቆማሉ፤ ዝናሙ ዘንቧልና ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ከዝናሙ በፊት የሆነውን እመለከታለሁ። ነቢዩን በዚያ የድርቅ ዘመን የመገበችው የሰራፕታዋ መበለት፥ ለራስዋና ለልጅዋ የቀረውን አንድ እፍኝ ዱቄት ከእንግዳ ጋር የተካፈለችው አንዲት ደመና ሳትታይ ነው። ዝናም ከዘነበለት በኋላ እጁን የሚሰበስብ ሰው ለዚህች ሴት ምን ይመልስላታል?

ደግሞ ዝናም የተከለከለው ስለ እነዚያ ሰዎች ኃጢአት ነው እያሉ የተራበውን የሚወቅሱ አሉ። ጌታችን ግን በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎች ከኢየሩሳሌም ሰዎች ሁሉ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስተምሯል። ንስሐ ለሁላችን ይገባል፤ በረኃብተኛው ላይ ግን ስም ማጥፋት ሊጨመርበት አይገባም።

የ1977 ዓ. ም. ረኃብ የወሎንና የትግራይን ሕዝብ ባስጨነቀ ጊዜ የሆነውን የሚያስታውሱ ገና ብዙ ናቸው። በዚያው ዓመት ክረምት በብዙ ስፍራ ዝናም ዘነበ። ነገር ግን ብዙው ገበሬ በሬውን ሸጦ ወይም ሞቶበት፥ ዘሩንም በልቶ ነበር፤ ምድሪቱ ርሳ ሳለች የሚያርስበትና የሚዘራው አጣ። ዝናም ረኃብን በዕለቱ አያቆምምና። በሐምሌ የተዘራ ጤፍ የሚታጨደው በኅዳር ነው፤ በመካከሉ ያሉትን ወራት ቤተ ሰቡ በምን ይሻገራል? ጎተራው ባዶ በሆነ ጊዜ ያዘነለት ሁሉ ማሳው ሲለመልም ይረሳዋል፤ አራጣ አበዳሪው ግን አይረሳውም። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቀጰዶቅያ ረኃብ በሆነ ጊዜ ባለጠጎችን ገሥጾ ጎተራቸውን ያስከፈተው፥ ድኆችንም ሰብስቦ የመገበው ይህን ስለ ተረዳ ነው።

ስለዚህ ካህናት ወንድሞቼ ሆይ፤ ከምህላው በኋላ የሚቀር ሥራ አለን። አንድ አንድ በሬ የቀራቸውን ሁለት ጎረቤታሞች ማስታረቅ የንስሐ አባት ሥራ ነው፤ በቂም ምክንያት መቀናጆ የሚቀርበት መንደር አለና። ጥማድ ያለውን ለመበለቲቱ አንድ ቀን እንዲያርስላት፥ ዘር የተረፈውንም በቁና ሰጥቶ በመከር ያንኑ ቁና ብቻ እንዲቀበል በስሙ ጠርተን እንለምነው። ስለ ተዝካርም ልናገር፤ ነገሩ ለእኛ ለካህናት መራራ ነው። ለሞተበት ዘመዱ ሲል የዘር እህሉን አስፈጭቶና ጠምቆ ሊደግስ የተነሣ ገበሬ ሲገኝ፥ «ድግሱ ይቅርብህ፤ ጸሎቱን እኛ እናደርሳለን፤ እህሉን ዝራው» ብለን መመለስ የእኛ ፋንታ ነው። ፍትሐት በጠላና በእንጀራ ብዛት አይመዘንም። ይህንም የምንነግረው ማሳው ገና ለስልሶ ሳለ፥ ከመጀመሪያው ዝናም በኋላ በምትውለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው።