መሸሸጊያና ብስክሌት

ነገሩን ከሰዓት እንጀምረው። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በቨርጂኒያ፣ አሳቲግ በምትባል ረጅም የአሸዋ ደሴት ላይ ቺንኮቲግ የሚሰኝ የዱር አራዊት መሸሸጊያ አለ። የተቋቋመው በ1943 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዋና ዓላማውም የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው ለሚመጡ ወፎች፣ በተለይም ለነጩ የበረዶ ዝይ፣ ማረፊያ መሆን ነበር። በመሸሸጊያው ውስጥ አንድ ትልቅ ኩሬ የሚዞር አምስት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። በዚህ መንገድ ላይ ከንጋት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ መኪና አይገባም። እግረኛና ብስክሌት ብቻ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን እስኪመሽ ድረስ ባለ መኪናውም ይገባል።

ደንቡ ይኸው ነው፤ አጭር ነው። ጥያቄው ግን አጭር አይደለም። ለመሆኑ ከንጋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ጸጥታ የተጠበቀው ለማን ነው? ለወፉ ነው ወይስ ለብስክሌተኛው?

ለብስክሌተኛው የሚሰጠውን ደስታ በመጀመሪያ እንመስክርለት። ከተማ ውስጥ ብስክሌት የነዳ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እዚያ ሰው የሚነዳው በእግሩ ብቻ ሳይሆን በጆሮውም ጭምር ነው። ከኋላው የሚመጣውን ሚኒባስ በጆሮው ይመዝናል፤ ትከሻው ይኮማተራል፤ የራሱን ጥላ ሳይቀር ይጠራጠራል። መኪና በሌለበት መንገድ ላይ ግን ያ ጆሮ ሥራ ይፈታል። ሥራ የፈታ ጆሮም ሌላ ነገር መስማት ይጀምራል። ካቴናው ሲያንሾካሹክ፣ ሣሩ በነፋስ ሲፋተግ፣ ከኩሬው ማዶ አእዋፉ ሲንጫጩ። አገሩ ደግሞ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ዳገት የለ፣ ቁልቁለት የለ፤ ሰው ሳያስበው ሁለት ሦስት ጊዜ ይዞረዋል። በዚህ ደስታ የሚያፌዝ ካለ፣ እንዲህ ባለ መንገድ ነድቶ አያውቅም ማለት ነው።

ከዚህ ደስታ ግን አንድ ሐሳብ ይፈለፈላል። «ጭስ አላጨስኩም፤ ጡሩምባ አልነፋሁም፤ ማንንም አልዳጥኩም፤ ስለዚህ ንጹሕ ነኝ።» ብስክሌተኛው ሳይታወቀው ራሱን ከአራዊቱ ወገን ይቆጥራል። ባለ መኪናው ወራሪ፣ እሱ ግን ዘመድ!

እስቲ ዘመዶቹን እንጠይቃቸው። በፍሎሪዳ፣ ሳኒበል ደሴት ላይ፣ «ዲንግ ዳርሊንግ» በተባለው ሌላ መሸሸጊያ የተካሄደና በ1993 የታተመ ጥናት ነበር። የውሃ ወፎችን ይበልጥ የሚረብሻቸው ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ጥናት ነው። የተገኘው መልስ ለኛ ለእግረኞችና ለብስክሌተኞች የሚያስደስት አይደለም። መኪናው ውስጥ ሆኖ ከሚያልፈው ሰው ይልቅ፣ ወርዶ በእግሩ የሚጠጋቸው ሰው ነው ወፎቹን ይበልጥ ያስበረገጋቸው።

ምክንያቱን መገመት አይከብድም። መኪና የሰው ቅርጽ የለውም፤ ከሩቅ እየተሰማ ይመጣል፣ መስመሩን ይዞ ያልፋል። ሰው ግን ሰው ነው። ወንጭፍ፣ ወጥመድ፣ ኋላም ጠመንጃ ይዞ ስንት ሺህ ዓመት የመጣው ይኸው በሁለት እግር የቆመ ቅርጽ ነው። ብስክሌተኛውስ ጎማ ላይ የተቀመጠ ሰው አይደለም እንዴ? ይባስ ብሎ ድምፅ የለውም። የሚኮራበት ጸጥታ ለወፉ የአድፋጭ ጸጥታ ሊሆን ይችላል።

«ታዲያ በረረች እንጂ ሞተች?» የሚል አይጠፋም። በረራ እኮ በነጻ አይገኝም። ከካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ የመጣች ዝይ የብርዱን ወራት የምታሳልፈው እየበላች ነው፤ የምትበላውም ለመመለሻዋ ስንቅ ነው። ደንግጣ በተነሣች ቁጥር ከስንቋ ታወጣለች፤ በዚያው ደቂቃ ደግሞ መብላቱን ታቋርጣለች። አንድ ብስክሌተኛ ምንም ማለት አይደለም። አርባኛው ብስክሌተኛ ግን ከእሱ በፊት ሠላሳ ዘጠኝ ማለፋቸውን አያውቅም። እያንዳንዱ የየራሱን ንጽሕና ይዞ ያልፋል፤ ድምሩን የምትከፍለው ዝይዋ ናት።

እዚህ ላይ ቸኩለን «እንግዲያው መኪና ይሻላል» እንዳንል። መኪና ይገድላል። መንገድ የምታቋርጥ ኤሊ የምትደነግጥበት ጊዜ እንኳ አታገኝም። መኪና ማቆሚያ ሜዳ ይፈልጋል፣ ሰፊ አስፋልት ይፈልጋል፤ ማቆሚያውም አስፋልቱም ከረግረጉ ላይ ነው የሚቀነሱት። ስለዚህ ባለ መኪናው በአንድ ዓይነት ሒሳብ ባለ ዕዳ ነው፤ ብስክሌተኛው በሌላ ዓይነት። ልዩነቱ ባለ መኪናው ዕዳውን መጠርጠሩ ላይ ነው።

ሕጉን ስንመለከት ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ይወሳሰባል። በ1997 የወጣው የአሜሪካ የመሸሸጊያዎች ሕግ በመጀመሪያ ደረጃ አራዊቱን ያስቀድማል። ከዚያ በኋላ ሰው ከሚጠቀምባቸው ነገሮች ውስጥ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ስድስት ናቸው ይላል፤ አደን፣ ዓሣ ማጥመድ፣ አራዊትን መመልከት፣ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ስለ ተፈጥሮ ማስተማርና ለጎብኚ ማብራራት። ብስክሌት የለበትም! ብስክሌት የሚፈቀደው ከመሸሸጊያው ዓላማ ጋር የማይጋጭ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ጠመንጃ ያነገበው ሰውዬ በዚያ ወረቀት ላይ ብስክሌት ከሚገፋው ይቀድማል።

አንባቢ ይሳቅ፤ ግን አይቸኩል። ከ1934 ጀምሮ በአሜሪካ ዳክዬና ዝይ የሚያድን ሰው በየዓመቱ አንድ ቴምብር መግዛት አለበት። የመጀመሪያውን ቴምብር የሣለው ጄ. ኤን. ዳርሊንግ የተባለ የጋዜጣ ካርቱን ሠዓሊ ነበር፤ «ዲንግ» ቅጽል ስሙ ነው፤ ከላይ ያነሣነው የፍሎሪዳው መሸሸጊያም የተሰየመው በእሱ ነው። በቴምብሩ ገንዘብ ረግረግ መሬት ተገዛ። የቺንኮቲግም መሬት የተገዛው ከዚሁ ገንዘብ ነው። እንግዲህ ዳክዬውን የሚገድለው ሰው የዳክዬውን ቤት ገዛለት፤ ዳክዬውን የሚወደው ብስክሌተኛ ደግሞ በነጻ ገብቶ ይዞርበታል፤ በቺንኮቲግ በር ላይ የመግቢያ የሚጠየቀው ባለ መኪናው ነውና። ይህን ቅራኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር እፈታዋለሁ የሚል ፈላስፋ ካለ የዚህ መጽሔት ገጾች ክፍት ናቸው።

እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ ግን ቃሉ ራሱ ነው፤ መሸሸጊያ የሚለው። በአገራችን በቀድሞ ዘመን፣ ደም ያለበት ሰው ሳይቀር ደብር ገብቶ ደወል ደውሎ ከተማጠነ፣ አሳዳጁ ከቅጥሩ ውጭ ይቆም ነበር። አሁን ያ አሳዳጅ «ጎራዴዬን በር ላይ አስቀምጫለሁ፤ ጫማዬንም አውልቄአለሁ፤ አይቼው ብቻ ልመለስ» ብሎ ገባ እንበል። ደግሞም ከልቡ ነው፤ ክፋት የለውም። ለተማጠነው ሰው ግን ትልቁ ነገር ጎራዴው አይደለም። ፊቱ ነው። ያን ፊት ሲያይ ልቡ የሚመታው ምት በጎራዴው መኖር አለመኖር አይለወጥም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንደሚባለው ነው የኛ ነገር፤ ወፎቹ አልጠሩንም።

ይህን ያነበብኩለት አንድ ጓደኛዬ ተቆጣ። «ሰው ያላየውን አይወድም፤ ያልወደደውንም አይጠብቅም» አለኝ። «በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖረው ወገናችን ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ እዚያ ቢሄድና ብስክሌት ቢያስነዳቸው ምን ክፋት አለው? ቴሌቪዥን ላይ ተደፍተው ይዋሉ?» እውነት አለው፤ ግማሽ። ስንቶቻችን ነን ዋልያን በዓይናችን ያየን? ግን ብሔራዊ ቡድናችንን በስሙ ጠርተን ጉሮሯችን እስኪዘጋ እንጮኻለን። ሰው ያላየውን ይወዳል። (ይህ መውደዳችን ዋልያውን ምን ጠቀመው የሚል ካለ፣ ያ ለጓደኛዬ ነጥብ ሆኖ ይመዝገብለት።) ልጆቹስ? ይሂዱ እንጂ! ይሂዱና ይንዱ። የምቃወመው መሄዱን አይደለም፤ ንጹሕ ነኝ ብሎ መሄዱን ነው።

አቋሜን በግልጽ ላስቀምጠው። ያ መንገድ ከንጋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለመኪና መዘጋቱ ትክክል ነው። ትክክል የሚሆነው ግን ብስክሌት ስላስገባ ሳይሆን በር ስላለው ነው፤ «እስከዚህ ድረስ» ስለሚል ነው። ብስክሌተኛው በሩን ለራሱ መልካምነት የተሰጠ ሽልማት ካደረገው፣ በማግሥቱ ሌላ መንገድ ይከፈትልኝ ማለቱ አይቀርም፤ ንጹሕ ሰው ምን ይከለክለዋል? የተፈቀደለት እንግዳ መሆኑን ካወቀ ግን አነዳዱ ራሱ ይለወጣል። ዝይዎቹ መብላታቸውን ትተው አንገታቸውን ቀና ካደረጉ መልስ ተሰጥቶታል፤ ሳይቆም ያልፋል። ለፎቶግራፍ ብሎ ከመንገዱ ወርዶ አይጠጋም። ተሰብስቦ እየተጯጯኸ ፍጥነት መለካትማ፣ ለእሱ ሌላ አስፋልት ሞልቷል።

በዚያው ደሴት ላይ ግን በዚህ ጥንቃቄ እንኳ የማይታለፍ በር አለ። በደቡባዊው ጫፍ ቶምስ ኮቭ ሁክ የሚባል የአሸዋ ምላስ አለ። ፓይፒንግ ፕሎቨር የምትባል፣ ቀለሟ ከአሸዋው የማይለይ ትንሽ ወፍ እንቁላሏን እዚያ ሜዳው ላይ ትጥላለች፤ ሳያይ የሚራመድ ሰው ይረግጠዋል። ወፏ ከ1986 ጀምሮ በሕግ የምትጠበቅ ናት። ስለዚህ ከማርች 15 እስከ ኦገስት 31 ያ ጫፍ ለማንም ዝግ ነው፤ ለመኪና፣ ለእግረኛ፣ ለብስክሌትም። ንጋት የለ፣ ዘጠኝ ሰዓት የለ። ብስክሌተኛው እዚያ ደርሶ ሲመለስ ትንሽ ቅር ቢለው አልፈርድበትም፤ የዕረፍት ጊዜው እኮ የሚውለው በእነዚያው ወራት ላይ ነው።