ከሽረት በኋላ ያለ አፍ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የባለሥልጣንን ዕድሜ በሁለት ይከፍለዋል፤ የመብላት ዘመንና የመቆጨት ዘመን። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የፕሬዚዳንቱ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 255 ግን ሦስተኛ ዘመን ጨመረበት። በአዋጁ መሠረት ከመንበሩ የወረደ ፕሬዚዳንት ቤትና መኪና ይኖረው፣ ሌላም ጥቅም ይከበርለት ነበር፤ ከፓርቲ ፖለቲካ እስከራቀ ድረስ። እንግዲህ ተሽሮም ይበላ ነበር፤ የሚጠበቅበት ዝም ማለት ነበር።

አዋጁ ስም አይጠራም። ሲወጣ ግን ከፌዴራል ሪፐብሊኩ መንበር የወረዱት ሰው አንድ ብቻ ነበሩ፦ ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የነበሩት የደምቢዶሎው ልጅ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ። ከገዢው ግንባር ጋር የተቃቃሩትም ሥልጣናቸው ሊያበቃ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ለሁሉም ተጽፎ አንድ ደጃፍ ብቻ የሚያንኳኳ ጽሑፍ፣ ሕግ ነው ወይስ ደብዳቤ?

ለአዋጁ የሚቆም ሙግት አለ፤ ቀላልም አይደለም። ፕሬዚዳንት የአገር ምልክት ነው። ነገ ከአንዱ ጎራ ተሰልፎ እንደሚወዳደር የሚያስብ ሰው፣ ዛሬ የሚያኖረው ፊርማ ይጠረጠራል። ስለዚህ የመንበሩ ገለልተኝነት ከሰውየው ጋር ቤቱ ድረስ ይከተለው ይባላል።

ነገር ግን ገለልተኝነት የማን ነው፤ የወንበሩ ወይስ የተቀማጩ? ነቀምቴ ያለው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት አንዱን መልስ ይሰጣል። የአካባቢው የገዢነት ሥልጣን ከሞረዳ ወደ ልጁ ኩምሳ፣ ከኩምሳ ወደ ልጁ ሀብተ ማርያም በደም ወረደ፤ ሹመቱና ሰውየው አንድ ገላ ነበሩ። ሌላው መልስ ነጋሶ ራሳቸው በጀርመን ለዶክትሬታቸው ታሪኩን ባጠኑት በሰዮ ኦሮሞ ዘንድ ይገኛል። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይሸጋገራል። ያስረከበው አባ ገዳ ወደ ወንበሩ አይመለስም፤ አፉ ግን አይዘጋም፤ እንዲያውም ልምድ ያለው መካሪ ሆኖ ይደመጣል። ወንበር መከልከልና አፍ መከልከል ሁለት ነገር ናቸው። ሕገ መንግሥታችንም ፕሬዚዳንት ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ሲወስን የከለከለው ወንበሩን ነው። አዋጁ ግን ለአፍ ዋጋ ተመነለት።

የጥንት አቴናውያን የፈሩትን ሰው በድምፅ ለአሥር ዓመት ከከተማቸው ያስወጡ ነበር፤ ንብረቱን ግን አይነኩበትም። የኛ አዋጅ ነገሩን ገለበጠው፤ በአገርህ ኑር፣ ከተናገርክ ግን የተሰጠህን መልስ።

በ1997 ዓ.ም. ነጋሶ በደምቢዶሎ በግል ተወዳድረው ፓርላማ ገቡ። ጥቅማቸውም ተቋረጠ። ከልካይ ሕግ የለም፣ ዋጋውን የከፈለ ይወዳደራል ሊባል ይችላል። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥን መብት ሲሰጥ ዋጋ አልቆረጠለትም። በዚያ ላይ መመረጥ የተመራጩ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በነጋሶ ላይ የተቆረጠው ዋጋ፣ እሳቸው ባይከፍሉት ኖሮ የደምቢዶሎን መራጭ ምርጫ ያጠብብ ነበር። መራጩ ደግሞ ለአዋጁ ሲባል ዝም በል ተብሎ የሚከፈለው ቤትም መኪናም የለውም።

ነጋሶ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ጀርመን ውስጥ አረፉ። እስከዚያ ከነበራቸው ሕይወት ለፍልስፍና የሚተርፈው ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል፦ ሹመት የሚሰጥም የሚነጠቅም ነገር ነው፤ ዜግነት ግን ከሹመት በፊት ነበረ፣ ከሽረትም በኋላ ይኖራል። ሹመት ይዞት የመጣውን ጥቅም ሹመት ይዞት ቢሄድ ፍትሕ ነው። ቀድሞ የነበረውን አፍ አብሬ ይዤ ልሂድ ሲል ግን ያልሰጠውን እየወሰደ ነው።

ተረቱም ስለ ሆድ ብቻ ስለሚያወራ ይህን ሒሳብ አልያዘውም። ተሽሮ እየበላ ዝም ያለም ሊቆጨው ይችላል።