ጉልበትና ጥራት፦ ዲሻችን ወዴት ዞሯል?

ንባብ፦ 1ኛ ነገሥት 19፥9-13



በምንሠራበት ቤት ሁላችንም ረሲቨር እናውቃለን። ሪሞቱን ይዘን ማስተካከያው ውስጥ ስንገባ መጀመሪያ የሳተላይቱን ስም ይጠይቀናል፦ ናይልሳት በምዕራብ 7 ዲግሪ፣ ሆትበርድ በምሥራቅ 13፣ ባድር በምሥራቅ 26። ቀጥሎ ፍሪኩዌንሲው፣ ኤች ወይስ ቪ፣ ሲምቦል ሬቱ ይሞላል። ሁሉን በትክክል ብንሞላም ጣሪያ ላይ ያለው ዲሽ ወደ ሌላ ከዞረ «ሲግናል የለም» ይለናል። ስም መምረጥ ዲሹን አያዞረውም። እኛም ክርስቲያን የሚለውን ስም ይዘናል፤ ልባችንስ ወዴት ዞሯል? ሳተላይቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው ያለው። እዚህ ዲሹ አንድ ዲግሪ ሲስት እዚያ ላይ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይስታል። ትንሽ መዞር ትንሽ አይደለም።

ግን ተስፋ አለ። አገር ቤት በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት ሲጀመር ብዙ ቤተሰቦች ዲሻቸውን ከናይልሳት ወደ ምሥራቅ 57 ዲግሪ አዞሩ። ዲሹን አልጣሉትም፣ አዞሩት እንጂ። ንስሐም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛ፣ ከታች ሁለት መስመር ይታያል፤ አንዱ ጉልበት፣ አንዱ ጥራት። ጉልበቱ 80 ሆኖ ጥራቱ 0 ሊሆን ይችላል። ጉልበቱ ጫጫታውንም ይቆጥራልና። ጥራቱ ግን የሞላነውን ፍሪኩዌንሲ በትክክል ካልያዘ አይነሳም። ኤልያስም ነፋሱን፣ መናወጡን፣ እሳቱን አየ፤ ጉልበት ነበራቸው፣ እግዚአብሔር ግን በዚያ አልነበረም። የመጣው በለሆሳስ ነው።

ዛሬም ጉልበት ያለው ድምፅ ብዙ ነው። በቴሌቪዥን «ደሞዝሽን ላኪ፣ እናትሽ ትፈወሳለች» የሚል አለ። በስልክ «ከቤቱ ጥፊ፣ እጥፍ ታገኛለሽ» የሚል ደላላ አለ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ማዳም ሰድባን፣ ሦስት ወር ደሞዝ ሳይከፈለን፣ ሌሊት ብቻችንን ስንተኛ «ሞትሽ ይሻላል» የሚለው ነው። እህቴ ሆይ፣ ይሄ ድምፅ በጣም ይጮኻል፤ ጥራቱ ግን ዜሮ ነው። የአባትሽ ድምፅ አይደለም። ኤልያስም እኮ ሞትን ለምኖ ነበር። ጌታ ግን አልተቆጣውም፤ አስተኛው፣ አበላው፣ ከዚያ አነጋገረው።

ሦስተኛ፣ ዲሽ የሚያስተካክል ሰው ጣሪያ ላይ ሆኖ ቴሌቪዥኑን አያይም። ከታች «መጣ! አለፈ! ትንሽ መልስ!» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። ኅብረትም ለዚህ ነው። የዕረፍት ቀን ተከልክላ የማትመጣ እህት አለች። በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን ለአንዷ እንደውልላት። ስብከት አያስፈልግም፤ «እንዴት አደርሽ? በልተሻል?» እንበላት። ጨለማ ውስጥ ያለሽ ደግሞ ዝም አትበይ፤ ለአንድ ሰው ንገሪ፣ ዛሬውኑ።

ጌታ ሆይ፣ ልባችንን ወደ አንተ መልስ። የተዘጋባትን እህታችንን አስባት። አሜን።